ጅራቱን የሰቀለው ቮልስ

ተረፋ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ የታወቀ የቮልስ መካኒክ ነው። ሌላ መኪና ሲያመጡለት ፊቱን ያጠቁራል፤ ቮልስ ሲያይ ግን ዘመድ የመጣበት ያህል ነው የሚፈነድቀው። ከቮልስ በላይ የሚወደው አንዲት ልጁን ኬኔን ብቻ ነው። እሷ ጊዳ አያና ታስተምራለች፤ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ነቀምቴ መጥታ ጠይቃው ትመለሳለች።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ተረፋ!» አለው ጂሩ አንድ ጠዋት፣ ከአባቱ የወረሰውን ነጭ ቮልስ ጋራዡ በር ላይ አቁሞ። «ነገ አክስቶቼን ለሰርግ ወደ ጊዳ አያና ልወስዳቸው ነው። ሦስቱ ከኋላ ሲቀመጡ ሞተሩ ድንጋይ እየላሰ ነው የሚሄደው። እባክዎ ኋላውን ከፍ ያድርጉልኝ።»

አክስቶቹን የማያውቅ ማን አለ! ሦስቱም ደልደል ያሉ ናቸው፣ ያውም ሰርግ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም።

የቮልስ ኋላ የተንጠለጠለው ጥርስ ባለው የብረት ዘንግ ላይ ነው። ጥርሱን ያዛወረ መካኒክ መኪናውን እንዳሻው ያነሳዋል። አንድ ጥርስ በበቃ ነበር፤ ተረፋ ግን የሴቶቹን ክብደት በዓይኑ መዝኖ ጨመረበት። ክሪኩን ሲያወርደው ቮልሱ ጅራቱን እንደ ሰቀለ ቀረ። የኋላ ጎማዎቹም ከሥር ወደ ውስጥ ገቡ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ተረፋ አሳምሮ ያውቃል። ሸክም ሲያርፍበት ጎማው ቀጥ ይላል። ኋላው ባዶውን ከሄደ ግን፣ ቁልቁለት ላይ እየታጠፈ ፍሬን ከተያዘ፣ ጎማው ከሥሩ ይገባና ይገለብጠዋል። ይህን ሊናገር አፉን ሲከፍት ጂሩ መኪናውን እየዞረ፣ «ወይ እጅ! ገላቶማ! እንዲህ ያለ ሥራ አዲስ አበባም የለ!» አለ። ምስጋናው ጣፈጠውና ቃሉን ዋጠው። ደግሞስ አክስቶቹ ከሰርግ ይቀራሉ?

በማግስቱ በመናኸሪያው በር ሲያልፍ ሦስቱን አክስቶች ዕቃቸውን ከበው ሚኒባስ ሲጠብቁ አያቸው። ክው አለ።

«አዴ ድርቤ! ቮልሱስ?» አላቸው ትልቋን።

«ውይ፣ እሱ ላይ ማን ይወጣል! በፊትም የፊቱን ወንበር አጥፈን በመከራ ነበር የምንገባው። አሁን ጭራሽ ሰቅለኸው፣ ጉልበታችን እምቢ አለ። ጂሩ እንደ ጆንያ ከኋላ ሊገፋን ሲል ትተነው ወረድን።» ሦስቱም ሳቁ። «እንኳንም ተውነው፤ ልጅህ አንተን ጠይቃ ስትመለስ መኪና አጥታ ቆማ ነበር፣ ጋቢና ገብታ ሄደች።»

«ኬኔ? ኋላው ላይስ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? ባዶ ነው።»

ስልኳን ቢሞክር አይሠራም። የሚያውቀው ሰው ሞተር ሳይክል ሲያስነሳ አየና ሳያስፈቅድ ከኋላው ተፈናጠጠ። «ወደ አያና መንገድ፣ ወደ አንገር ቁልቁለት! ነፍሴን አድናት!» መንገዱን ሙሉ፣ «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ እጄን ቁረጠው፣ እሷን ተውልኝ» እያለ ሄደ።

ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቮልሱ በጣሪያው ተኝቶ አራቱም ጎማዎቹ ሽቅብ ቀርተዋል። ተረፋ ከሞተር ሳይክሉ መውረድ አቃተው።

«አባኮ!»

ኬኔ ናት። ግንባሯ ተጭሮ ደም ወርዷታል፤ የጂሩን የተሰበረ ክንድ በሻሿ አስራለት መንገዱ ዳር አብራው ተቀምጣ ነበር። ሮጣ መጥታ እጁን ያዘች። ተረፋ ቆጠራት ማለት ይቻላል፣ እጇን፣ እግሯን፣ ዓይኗን። ሙሉ ናት። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ፍየል ገባብን፣ ጂሩ ፍሬን ያዘ፣ ከዚያ ኋላው ተነስቶ ገለበጠን» አለች። «መኪናው አንድ ነገር ሆኗል። እርስዎ ያውቁታልና እስቲ ይዩልኝ። ማን ነው እንዲህ የሠራው?»

«የኔ ጥፋት ነው፣ ፈጥኛለሁ» አለ ጂሩ ከተቀመጠበት። «ትናንት አባትሽ ናቸው የሠሩልኝ። የሳቸው ሥራማ እንከን አይወጣለትም።»

ኬኔ እጁን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ምስጋናው ዛሬ አልጣፈጠውም።

«ባዶውን እንዳትነዳው» አለ ተረፋ፣ ትናንት የዋጠውን ቃል አውጥቶ። «ልልህ ነበር፣ ጂሩ። አውቅ ነበር።»

ኬኔ እጁን ለቀቀችው።