እኅት አልባው ልብ ወለድ

የአጎቴ ልብ ወለድ ታትሞ እጃችን የገባ ቀን፣ እናቴ እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጥባ ነው የነካችው። ማንበብ አትችልም። ሽፋኑን አገላብጣ አየችና፣ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የቅብጠት አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ የኖረችው ታናሽ ወንድሟን ለማስተማር ነው። ወረቀት በጠፋበት ዘመን፣ ሥራ ቦታ የተጣሉ የልብስ መመዝገቢያ ወረቀቶችን በጉያዋ ሸጉጣ ታመጣለት ነበር። በአንዱ ፊት «አንሶላ አርባ፣ የትራስ ልብስ ሃያ ሁለት» ይላል፤ በጀርባው አጎቴ ስለ ፍቅርና ስለ ሞት ይጽፍበታል። ሁለት ዓመት ሲታሰርም፣ በየሳምንቱ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛ የእስር ቤቱ በር ላይ የቆመችው እሷ ናት። ስለዚህ ባለታሪኩ ድሃ ተማሪ ነበረ፣ ታሰረ፣ ደራሲ ሆነ ሲባል ስትሰማ፣ እኅት እንደሚኖረው ለአፍታም አልተጠራጠረችም።

እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ እዚያው እጥበት ክፍል አንሶላ አጥፋለሁ። ከማንበብ ግን ማንም አላስቆመኝም። መጽሐፉን በሁለት ቀን ጨረስኩት። ሁሉም ነገር አለ። ጣሪያው የሚያፈሰው ክፍላችን አለ፤ የጎረቤታችን አንካሳ ውሻ እንኳን አለ። እናቴ የለችም። ባለታሪኩ «በዓለም ላይ ዘመድ የሚባል ያልፈጠረለት» ሰው ነው። ለውሻው አንድ ገጽ ተኩል ተጽፎለታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ «በይ አንብቢልኝ» ብላ ከፊቴ ቁጭ አለች። ፊቷን ሳየው እውነቱን ለመናገር አንጀቴ አልቻለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ አንዲት እኅት ፈጠርኩለት።

«እኅቱ በእንፋሎቱ መሃል ቆማ...» እያልኩ የሌለ መስመር አነበብኩ። ከየት አመጣሁት? ከእሷው ነዋ! በሶዳ የተላላጡ ጣቶቿን ቫዝሊን ስትቀባ እያየሁ ነው ያደግኩት። «ወንድሜ ሳይጨርስ አላገባም» ብላ የመጀመሪያ እጮኛዋን ከበር እንደመለሰች ደግሞ የሥራ ባልደረቦቿ ነግረውኛል። ሁሉንም ጨመርኩት፤ በየእሑዱ አንድ አንድ ምዕራፍ።

«ይኼን ሁሉ ልብ ብሎ ያይ ነበር?» ትላለች። «እኔ'ኮ ወረቀቱ ላይ ሲያቀረቅር የሚያየኝም አይመስለኝ ነበር።»

«ደራሲ በማጅራቱም ያያል» እላታለሁ።

ከወር በኋላ መጽሐፉ ተመረቀ። ምረቃው ላይ አጎቴ ንግግሩን ጨርሶ በሰው ተከቦ ሳለ፣ እናቴ ሰዉን በክንዷ እየገፋች ፊቱ ደረሰች።

«ወንድሜ፣ ያቺን እኅቱን ስትጽፋት አንጀቴን በላኸው! በተለይ እጮኛዋን ከበር የመለሰችበት ቦታ!»

ክው አልኩ። መጽሐፉን ያነበቡ ሁለት ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አጎቴ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና እጇን ያዛት።

«እትዬ፣ እሱን ስጽፍ አልቅሻለሁ» አላት።

አይ አጎቴ! እኔስ የዋሸሁት ለአንድ ሰው ነው፤ እሱ ለአዳራሽ ሙሉ።

ቆይቶ መጻሕፍቱ ወደተከመሩበት ትንሽ ክፍል ጠራኝ።

«አንቺ ምላሳም፣ ምንድን ነው ያነበብሽላት?»

«አንተ የረሳኸውን።»

«አልረሳሁም።» መነጽሩን አወለቀ። «ባለታሪኩ ብቻውን መሆን ነበረበት። ደጋፊ ያለው ሰው ለአንባቢ አያሳዝንም።»

«ለውሻው እንዴት ቦታ ተገኘ ታዲያ?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ስሚ፣ ሁለተኛ እትም ሊወጣ ነው። ለእሷ ያነበብሽላትን ሁሉ ጻፊልኝ፤ አስተካክዬ አስገባዋለሁ። እሷም ደስ ይላታል።»

ክፋቱ፣ እሺ ልለው ነበር። እናቴ እውነትም ወረቀት ላይ ልትሰፍር! አፌን ስከፍት በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ልንሄድ ነው ልትለኝ መጥታ ሁሉንም ሰምታለች።

«የለሁበትም ማለት ነው?» አለች።

አጎቴ ወደ እሷ ተራመደ።

«እትዬ፣ አሁን እኮ በሁለተኛው...»

«ተወኝ!» ወደ እኔ ዞረች። «አትጻፊለት። እኔ ሸሚዙን ሳጥብለት ኖሬያለሁ፤ ልጄ ኅሊናውን አታጥብለትም።»

ቤት ስንገባ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«በይ አሁን እሱ የጻፈውን አንብቢልኝ። የታሰረበትን። አንዲት ቃል ብትጨምሪ ወዮልሽ!»

ምዕራፉን ከፈትኩ። «በግቢው ቧንቧ ሥር ሸሚዙን በገዛ እጁ እያጠበ...»

«ማን ነው የሚያጥበው?»

«ባለታሪኩ።»

«በገዛ እጁ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማ።»

ሳቀች። «እሱ! ሳሙና በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳን የማያውቀው!» ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ጣቶቿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ሁለቱን ዓመት በሙሉ አነበብኩላት። ባለታሪኩ እስኪፈታ ድረስ እስር ቤቱ በር ላይ አንድም ሰው አልመጣም።