ገመዱ በቤታችን ሲያልፍ

«ለተከበራችሁ የደሴቲቱ ነዋሪዎች በሙሉ። የአደጋ መከላከያ ጽሕፈት ቤቱ ከረጅምና ጥልቅ ውይይት በኋላ ቀዩን ገመድ አንድ ክንድ ወደ ታች ማውረዱን በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት ያበስራል። ከገመዱ በላይ መገኘት ለሕይወት አስጊ ነው። ከገመዱ በታች ኑሮ እንደ ወትሮው ይቀጥላል።»

ማስታወቂያውን ያነበብኩት ከጀልባ እንደወረድኩ፣ የሕዝብ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ነው። እየሳቅሁ ዳገቱን ተያያዝኩት። መንደሩ የተቀመጠው ከእሳተ ገሞራው አፍ ሥር ነው። ሰዎቹም እንደ አንድ ቁጡ ዘመድ በአጭሩ «አፉ» ይሉታል። «ዛሬ አፉ እንዴት አደረ?» ይባባላሉ። ከስንጥቁ በሚወጣው እንፋሎት ላይ ልብስ ያሰጣሉ፤ አመድ ከጣሪያቸው ጠርገው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይደፉና በዚያው ይጣላሉ።

እናቴና ታላቅ ወንድሜ ቤት ስደርስ ሳቄ አለቀ። ገመዱ በሳሎኑ መስኮት ገብቶ፣ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ተወጥሮ፣ በጓሮ በር ይወጣል። ማድ ቤቱና የወንድሜ የጫማ መስሪያ ከታች ቀርተዋል፤ መኝታ ቤቱ ከላይ። እናቴ ከታች በኩል ቆማ፣ በመጥረጊያ እንጨት ብርድ ልብሷን ከአልጋው ላይ ትጎትታለች።

«እማዬ፣ ገብተሽ አታነሺውም?»

«ክልክል ነዋ ልጄ። ሰዎቹ ለእኛው ብለው ነው።»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ገመዱ እንዳልላላ ሊያይ መጣ። በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። እሳቱ ሲመጣ ገመዱ ጋ ደርሶ ይቆም እንደሆነ ጠየቅሁት። «እሱን የሚመልሰው የበላይ አካል ነው» አለና ለአቋራጭ በመኝታ ቤቱ በኩል ወጣ።

የመጣሁት ሁለቱንም ላወርድ ነው። ባለ ጀልባው ከዛሬ ወዲያ አልመለስም ብሏል፤ ጭሱ ከጠቆረ ወዲህ ሌላ የሚመጣም የለም። የእናቴ መልስ ቁርጥ ያለ ነበር። «እሱ ከሄደ እሄዳለሁ። እሱን ጥዬ ግን ንቅንቅ አልልም።»

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ወንድሜ ላይ ወደቀ፤ ወንድሜ ደግሞ ጫማዬ ላይ።

«ዶክተር፣ አውልቀህ ስጠኝ እስቲ» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ የሚጠራኝ እንዲህ ነው። ሶሉ በአንድ ዳገት አልቋል። እዚህ ድንጋዩ ሞረድ ነው፤ ጫማ ሰፊ ሥራ አይፈታም። እሱ የመኪና ጎማ ቆርጦ ሲለካ፣ እኔ በባዶ እግሬ ቆሜ መለመን ጀመርኩ። ወለሉ ይፋጃል። አንዱን እግሬን ሳነሳ ሌላው እየተለበለበ ስለ ሞት ላስረዳው ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ ተራራው ሊፈነዳ ነው።»

«እየጨፈርክ ነው እንዴ የምትለምነኝ?»

«ወለሉ ፈጀኝ እኮ።»

«እሳት ካየው ምን ለየው። ቁጭ በል።»

«እዚህ ምን አለህ? ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ።»

ወስፌውን ሶሉ ውስጥ ሰደደ።

«ደንበኞችህ እንኳ እየሄዱ ነው። ለማን ልትሰፋ ነው?»

ክሩን ሳበ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እጁ የቆመው «ለእማዬስ አታዝንም?» ስለው ብቻ ነው። እናታችን ማድ ቤት ውስጥ ስታስል ሰማናት፤ አመዱ ቤት ውስጥ መግባት ከጀመረ ወዲህ ደረቅ ሳል ይዟታል።

«እሺ» አለ።

«ምኑን እሺ?»

«እንሂዳ። ጫማህን አድርግ።»

እናቴ መጀመሪያ አላመነችም። ሸሚዞቹን አጣጥፎ ከልብሷ ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ ሲከት ስታይ ግን ፊቷ በራ። ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ አዘላት። «ቀስ በል፣ ጆንያ የተሸከምክ መሰለህ?» እያለች ጀርባው ላይ ትስቃለች። እኔ ሻንጣውን ይዤ ከኋላ፣ ለካ ትምህርት ይጠቅማል እያልኩ።

ጀልባው ላይ አስቀመጣትና ሻርፗን አስተካከለላት። እኔም ገባሁ። እሱ ወርዶ ዳር ላይ ቆመና ሻንጣውን እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። ድንጋይ ላይ አሳርፎ ከፈተው። የራሱን ሸሚዞች አንድ በአንድ አወጣና ዘግቶ መለሰልኝ። ከዚያ ጀልባውን በእግሩ ገፋው።

እናቴ ከእኔ ቀድሞ ገባት። ብድግ ስትል ወገቧን ያዝኳት፤ እንዲህ መቅለሏን አላውቅም ነበር። ባለ ጀልባውን «መልሰን!» አልኩት። ሰውየው ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን ብቻ ያያል። እሷን ብለቃት ትዘላለች፤ ብይዛት እሱ ይቀራል። ያዝኳት።

«ጠይቀው» አለችኝ። «ለምን እንደሆነ ብቻ ጠይቀው።»

«ጋሼ፣ ለምን?» አልኩ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮህኩ።

ሸሚዞቹን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«አልናገርም።»

«እማዬ ናት የምትጠይቅህ።»

«ለሷም አልናገርም።»