ሶይላ ውሻ ስታባርር

ምራቴ ታርሄሊያ ሠዓሊ ልሆን ነው ብላ ስትነሳ ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቲጓ መንደር የማይስል ማን አለ? በየቤቱ የበግ ሌጦ ተወጥሮ የኮቶፓክሲ ተራራና ኮንዶር የተባለው አሞራ ይሳልበታል። የሚስሉት ግን ወንዶች ናቸው፤ የሁሉም አውራ ደግሞ ሽማግሌው ኦልሜዶ ነው። እሱ ያልተቀበለውን ማንም ሠዓሊ አይለውም። አፉ ግን እንደ ምጽዋት ሣጥን የተቆለፈ ነው።

"ዘንድሮ ከሠዓሊ ካልቆጠሩኝ፣ ላታኩንጋ ከተማ ወርጄ ሰው ቤት እቀጠራለሁ" አለችኝ ታርሄሊያ።

"ሂጂልኛ! መንገዱን ጨርቅ ያርግልሽ!" አልኳት። አፌ ነው እንጂ ሆዴስ ባብቷል። ልጄ ለሥራ ጓያኪል ከተማ ከሄደ ወዲህ ከእሷ ሌላ የምጨቃጨቀው ሰው የለኝም።

የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን በደብሩ አዳራሽ አሳየች። ሥዕሎቿን ግድግዳው ሥር ደረደረቻቸው። እንግዶቹ በሶ ሲጨብጡ ውሻችን ገባና ትልቁን ሥዕል ከነኮንዶሩ ቆረጣጠመው። ሌጦ አይደል? ለውሻ ሥዕሉ ምኑ ነው! ዱላዬን ይዤ አዳራሹን አዞርኩት። ባርኔጣዬ ወደቀ። የተሳደብኩትን ስድብ ቄሱ እስከ ዛሬ አልረሱትም። ሠዓሊዎቹ በሳቅ ሞቱ፤ ታርሄሊያ አለቀሰች።

በሁለተኛው ኤግዚቢሽን እዚያው አዳራሽ ስገባ፣ ወይ ጉድ! ግድግዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ዱላዬን አንስቼ፣ ባርኔጣዬ በአየር ላይ፣ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ! ውሻው የኮንዶሩን ክንፍ ነክሶ ከፊቴ ይፈረጥጣል።

"ምን በደልኩሽ አንቺ ልጅ?"

"እማዬ ይሙቱ፣ እርስዎን ሳስብ እጄ ዝም ብሎ ሄደ።"

ሠዓሊዎቹ መጡ። ዛሬ ግን አንድም የሳቀ የለም። ኦልሜዶ አፍንጫው ሥዕሉን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ፣ ቆየ፣ ባርኔጣውን ደፋና ወጣ። ምስጋናም የለ፣ ወቀሳም የለ። ታርሄሊያ ቤት እንደገባች ልብሷን መጠቅለል ጀመረች።

"ቅዳሜ ገበያ የቀሩኝን ሥዕሎች ሸጬ፣ ከዚያው እሄዳለሁ" አለች።

ቅዳሜ ሱምባዋ የተባለው ገበያ ደረስን። በኦልሜዶ መደብ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ተራራው አለ፣ ኮንዶሩ አለ፣ ከሥር ደግሞ አንዲት አሮጊት በዱላ ውሻ ታባርራለች። ክው አልኩ። ከጎኑ ያለው የወንድሙ ልጅ መደብ ላይም እኔ! ከዚያ ወዲያም እኔ፣ ያውም የሌለኝን ቀይ ነጠላ ለብሼ!

"ኦልሜዶ! አንተ ሌባ! ማን ፈቅዶልህ ነው የሰቀልከኝ?"

"ቀስ እትዬ ሶይላ። የወሰድኩት ከእርስዎ ሳይሆን ከምራትዎ ነው።"

"እሱማ ይብሳል!"

"እኛ ከማይረባ ሠዓሊ እንወስዳለን እንዴ? ኮንዶሩን ከአባቴ ወሰድኩ፤ ተራራውን ከአጎቴ። እነሱ ከሞቱ ወዲህ ከማንም ወስጄ አላውቅም።"

ዞር ስል ታርሄሊያ ጥቅልሏን እንዳቀፈች ቆማለች። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

ኦልሜዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጄ፣ ያ አፍ ግን እምቢ አለኝ። እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው?"

እውነቱን ነው፤ እሱ የሳላት አሮጊት ጸሎት የምታደርስ ነው የምትመስለው። ታርሄሊያ በጥቅልሏ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። አንጀቴን በላችው።

"ምን ታስጨንቃታለህ! ይኸው የአፉ ባለቤት!" አልኩና ዱላዬን አንስቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ከአያቱ ጀምሬ የሚገባውን ስድብ ሁሉ አጠጣሁት። ሠዓሊዎቹ ገበያቸውን ትተው ከበቡኝ፤ ሁሉም ወረቀት አወጣ።

ታርሄሊያ ጥቅልሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። እርሳስ ተቀበለችና ከኦልሜዶ ጎን ቁጢጥ አለች።

"እማዬ፣ እስቲ ወደ ፀሐይዋ ዞር ይበሉልን" አለች።

ዞርኩላቸው። ስድቤ ካለቀ ቆይቷል፤ አፌን ግን አልዘጋሁም።