ደረቷን የምትወጋው ወፍ

በጣሊያኗ ከተማ በሲዬና ረሀብ ገብቶ ሳለ፣ የከተማው ጎተራ ሹም መሴር ላንዶ እህሉን በሕዝቡ ላይ ቆልፎ "ቸርነት" የሚል ሥዕል አዘዘ። ሽማግሌው ሠዓሊ ኑቶ እንደታዘዘው ሹሙን እጁን ዘርግቶ ሣለው። ከእግሩ ሥርም የቸርነት ምልክት የሆነችውን፣ ደረቷን ወግታ ጫጩቶቿን በደሟ የምትመግበውን ወፍ አኖረ።

 ኑቶ ግን በአርባ ዓመት ሥራው ከዚህ በፊት ሐሰት ሥሎ አያውቅም። ቢፍቀው ከከተማው እንደሚባረር ቢያውቅም መፋቂያውን አነሣ።

ያን ጊዜ ለቀለም ማዋሃጃ እንቁላል የምታመጣለት ላፓ ገባች። ሥዕል ከማስረከቡ በፊት እሷን መጠየቅ ልማዱ ነው፤ ለሷ ካልገባት ለማንም አይገባም ይላል።

"አንቺ፣ ምን ይታይሻል?"

"ሹማችን ነዋ! ጉንጩን እንዴት አድርገህ ነው የነፋኸው ጋሼ!" ወደ ወፏ ጎንበስ አለች። "ይቺስ? የገዛ ጫጩቶቿን እየበላች አይደል እንዴ? ምንቃሯ ሁሉ ደም!"

ኑቶ ያችን ወፍ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የሣላት በወሬ ነው።

"ደግ አደረግህ" አለች ላፓ በሹክሹክታ። "ልጆቻችንን የበላ እሱ ነው። የገበያው ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል።"

ኑቶ መፋቂያውን አስቀመጠ። እንቁላል ሰብሮ ቀዩን ቀለም በአስኳሉ አዋሃደና የወፏን ምንቃር ይበልጥ አቀላው።

በማግሥቱ ሹሙ ሥዕሉን አይቶ፣ "ግልጽ ነው፤ ሕፃን እንኳ ይረዳዋል!" ሲል እጁን ጨበጠው።

ኑቶ ቤቱ ገብቶ ሹሙ የጨበጠውን እጁን በአመድ ፈተገው።