እርሾ ነው የለመንኩት

ብርነሽ ወይንሸትን ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» ትላታለች፤ በልቧ ግን ካወቀቻት ማግስት ጀምሮ «አንቺ» ናት። ለዚህ ያበቃቸው የአንዲት ጣሳ ነገር ነው።

እነብርነሽ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡ ሰሞን፣ ብርነሽ ጎረቤት ፍለጋ ወጣች። ጎረቤት እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃለች፤ ባዶ ጣሳ ይዞ ሰው ቤት ሄዶ እርሾ መጠየቅ ነው። እርሾ የጠየቀ ሰው ለማኝ አይባልም። ዱቄቱ አለኝ፣ ምጣዱ አለኝ፣ ጉልበቱም አለኝ፣ የጎደለኝ ማስነሻው ብቻ ነው ማለቱ ነው፤ ነገ አንቺ ሲጎድልሽ ደግሞ እኔ ቤት ትመጫለሽ ማለቱ ነው። ባደገችበት አገር ሴት ከሴት የምትተዋወቀው እንዲህ ነበር። እናም ከመጠለያው አጥር ማዶ ያለውን ባለ ሰማያዊ በር ግቢ አንኳኳችና፣ «እትዬ፣ እርሾ ይኖርዎታል?» አለች።

ወይንሸት ጣሳዋን አየች፣ ፊቷን አየች፣ የተሰፋ ጫማዋን አየች። «አይ ምስኪን!» ብላ ወደ ውስጥ ገባችና በቢጫ ፌስታል ዳቦ ይዛ ተመለሰች። ያውም የዳቦ ቤት ዳቦ። ጣሳዋ ባዶዋን ቀረች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ብርነሽ፤ ሌላ ምን ትበል?

በወጉ ቢሆን መልሱ «አብሮ ይስጠን» ነው። ወይንሸት ግን፣ «አይ ምስኪን፣ ለልጆችሽ ስጪያቸው» ብላ በሩን ዘጋች። ብርነሽ ዳቦውን ለልጆቿ አበላች፤ ልጆች ምን ያውቃሉ፣ ጣፈጣቸው። እሷን የበላት ንዴት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልወጣላትም።

ከዚያ ወዲህ ወይንሸት ደግነቱን ተያያዘችው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው እያየ፣ ቢጫውን ፌስታል ታስይዛታለች። በሙሴነት ወደምትመራው የማርያም ጽዋ ማኅበር ያስገባቻትም እሷው ናት። በየወሩ በሃያ አንድ ብርነሽ ትሄዳለች፣ የሰው ዳቦ ትበላለች፣ የሰው ጠላ ትጠጣለች፣ ስትወጣም የተረፈው ተቋጥሮ ይሰጣታል። ጽዋው ግን፣ ያ ማኅበርተኛው ተራ በተራ እየተረከበ የሚደግስበት ጽዋ፣ እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላታል። «አንቺማ ተፈናቃይ ነሽ፣ እኛ አለንልሽ» ይሏታል። አንዴ ዘለሏት፣ ዝም አለች። ደግመው ዘለሏት፣ አሁንም ዝም አለች። ፌስታሎቹን እያጠበችና እያጠፈች ከፍራሿ ሥር ታስቀምጣለች።

በታኅሣሥ ማርያም ለሦስተኛ ጊዜ ሊዘሏት ሲሉ ግን ተነሳች። የማኅበሩ ካህን አባ ሰይፈሥላሴ ጽዋውን ይዘው «ለጥር ማን ይረከባል?» ከማለታቸው፣ ወይንሸት አፏን ሳትከፍት፣ ብርነሽ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸው።

«ኧረ አንቺ ልጅ! በምን አቅምሽ?» አለች ወይንሸት ደንግጣ። «የእርዳታ ዱቄት ለማርያም ይቀርባል እንዴ?»

አባ ሰይፈሥላሴ ብርነሽን አየት አደረጓት፣ ጽዋውን የያዘችበትን አያያዝም አዩ። «አንዴ እጇ ገብቷል፤ እንግዲህ ማን ይነጥቃታል?» አሉና ለቡራኬ ተነሱ።

ባሏ ፈንታሁን ወሬውን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ፈንታሁን ከማንም ጋር መጣላት የማይወድ፣ ከገዛ ጥላው ጋር እንኳ ተስማምቶ የሚኖር ሰው ነው። «ተይ ብርነሽ፣ ዝም አይነቅዝም» አላት። «ያጎረሰሽን እጅ ልትነክሺ ነው?»

«እኔ መች ጉርሻ ለመንኩ?» ብላ ጮኸችበት። «እርሾ ነው የለመንኩት!»

ስንዴው የእርዳታ አልነበረም። ኅዳር ላይ ባልና ሚስት እነዋሪ ሄደው ለሰው ሲያጭዱ ሰንብተው፣ ድካማቸውን በእህል ተቀብለዋል። የጅሩ ስንዴ ነው፤ ጥርስ ላይ ሲሰበር ድምፁ ይሰማል። ብርነሽ ለቀመችው፣ አጥባ አሰጣችው፣ አስፈጨችው። እርሾውንም ከማንም ላትለምን ምላ ከዱቄትና ከውሃ ራሷ ጀመረችው። የመጀመሪያው ሻገተ፣ ደፋችው። ሁለተኛው እንደተለወሰ ቀረ፣ እሱንም ደፋችው፤ ስትደፋው እየተሳደበች ነው። ሦስተኛውን በዚያችው ጣሳ አድርጋ፣ ቀን ፀሐይ እያሞቀች፣ ማታ ከልጆቿ መሀል እያስተኛች፣ በየቀኑ ትንሽ ዱቄት እያበላች ከረመች። አንድ ቀን አረፋ ሠራ። ስታሸተው እንደ ጥሩ ጠላ ኮምጠጥ ብሏል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች ለራሷ፤ እንባ ግን አልነበረም፣ እልህ ነው።

የተሳሳተችው ከዚያ በኋላ ነው። በጥር ማርያም ዋዜማ ሲመሽ አቦካች፤ ሊጡን እንደ ጣሳዋ ከልጆቿ መሀል ማስተኛት ግን አልታሰባትም። ወለጋ የኖሩበት ቆላ ነበር፤ እዚያ ሲመሽ የተቦካ ሊጥ ደጃፍ ላይ ጥለውት ቢያድሩ እንኳ ጠዋት ክዳኑን ገፍቶ ይጠብቃል። እጇ የሚያውቀው ያንን አገር ነው፤ መፈናቀሉን እጇ ገና አልሰማም። የደብረ ብርሃን የጥር ውርጭ ደግሞ ለማንም አያዝንም። ጠዋት ክዳኑን ስታነሳ ሊጡ ማታ እንደተኛ ነው። በጣቷ ተጫነችው፤ ቀዘቀዛት፣ ጣቷ የሠራው ጉድጓድም እዚያው ቀረ።

ሊጡ ላይ እንዳጎነበሰች የሸራው መጋረጃ ተገለጠ። «ላግዝሽ ብዬ ማለዳ መጣሁ» አለች ወይንሸት። ሊጡን አየችው። ያኔ ጣሳዋን እንዳየችው ነው ያየችው።

«አይ ምስኪን! እኔማ ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር። ግድ የለሽም፣ ከዳቦ ቤት ድፎ አዝዣለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ያመጡታል። አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ።»

ብርነሽ ደሟ ፈላ። ቀና አለች፤ ሁለቱም እጇ ላይ ሊጥ አለ።

«እትዬ ወይንሸት፣ ይውጡልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ከቤቴ ይውጡልኝ! ሸራ ስለሆነ ቤት ካልመሰለዎት፣ ቤቴ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደ ማንኛውም ማኅበርተኛ ይመጣሉ፣ እንደ ማንኛውም ማኅበርተኛ አስተናግድዎታለሁ። አሁን ግን ይውጡልኝ!»

ፈንታሁን ከጥግ «ብርነሽ…» ብሎ ጀመረ፤ ዓይኗን ሲያይ የቀረውን ዋጠው። ወይንሸት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

አሁን ይህን ሊጥ ምን ያስነሳዋል? ሸራ ቤት ውስጥ ያለው ምድጃ ጭስ እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ ሙቀቱን ንፋሱ ይወስደዋል። ብርነሽ ቤቷን ዙሪያውን ቃኘች። እዚያ ቤት ውስጥ የጋለ ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ከወለጋ ሲወጡ ታናሹን ያዘለችበትን አንቀልባ ከጓዙ ውስጥ መዘዘች፤ ሊጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች፣ በላዩ ላይ የወይንሸትን ቢጫ ፌስታሎች ደራረበች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ፈንታሁን።

«ላዝለው ነዋ! ና አሳዝለኝ።»

ሊጡን አዝላ፣ ጋቢ ደርባ፣ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ከውሃው ወደ እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ወደ ወንበር ልመናው፣ መጠለያውን ከዳር ዳር ዞረችው። በልቧ ከወይንሸት ጋር ትጣላለች፤ ያኔ መመለስ የነበረባትን ሁሉ አሁን ትመልሳለች፣ ሳታስበው ድምፅዋን ታሰማለች። ግንባሯ ወዛ፣ ጀርባዋ ጋለ። መንገድ ላይ አንዲት የእርዳታ መዝጋቢ አገኘቻትና፣ «እሰይ፣ ተገላገልሽ እንዴ! ይመዝገብ እንጂ። ስንት ጊዜው ነው?» አለቻት።

«ገና አልተነሳም!»

«ስም ወጣለት?»

«ዳቦ!» ብላት አለፈች። መዝጋቢዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

ረፋዱ ላይ አንድ ነገር ጀርባዋን ገፋት። ቆመች። ሕፃን ሲነቃ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ሊጡ አንቀልባውን እየወጠረው ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ማልቀሷ ደግሞ እንደገና አናደዳት፣ በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችውና ወደ ቤት ሮጠች።

ከሊጡ ላይ ለሌላ ቀን እርሾ የሚሆን ቆንጥራ ጣሳዋ ውስጥ መለሰች። በቀረው ላይ ጥቁር አዝሙድ ነሰነሰች። ከአንኮበር በኩል የመጣውን ኮባ ምጣዱ ላይ አነጠፈች፣ ሊጡን ገለበጠችበት፣ በኮባ ሸፈነችው፣ ብረት ደፋችበትና ፍም ከመረችበት። እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ። «አሁን የእኔን ኑሮ ታውቀዋለህ» አለችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ማኅበርተኛው መጣ። ፈንታሁን በተዋሰው አግዳሚ ላይ፣ ከሸራው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። የመጠለያው ሴቶች የጠመቁት ጠላ ተቀዳ። የዳቦ ቤቱም ድፎ በካርቶን ሆኖ ደረሰ፤ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንድ እንከን የማይወጣለት። ወይንሸት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ብርነሽ የራሷን ይዛ ወጣችና አጠገቡ አኖረችው። የእሷ በአንድ ጎኑ አሯል፤ እሳቱን ያነደደችው ተናዳ ነው።

አባ ሰይፈሥላሴ ቢላዋውን ይዘው ሁለቱን ዳቦ ተመለከቱ። «የዛሬዋ የጽዋ ባለቤት ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ የማርያም ዳቦ የቱ እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ።»

ብርነሽ የራሷን ዳቦ አንስታ ፊታቸው አደረገች። አባ ጸለዩ፣ በቢላዋው ጫፍ መስቀል ሠርተው ቆረሱት። እንፋሎቱ ወጣ፣ ያዝሙዱ ሽታ አግዳሚውን አዳረሰው። በሉ። ማንም አላመሰገነም፣ ማንም አልተናገረም፤ ሰው የጣፈጠው እንደሆነ አፉ ሥራ ይይዛል። ወይንሸትም ጎረሰች፣ ለረጅም ጊዜ አኘከች። «ምስኪን» አላለችም። የዳቦ ቤቱ ዳቦ እንደመጣ ሳይቆረስ ቀረ።

ከምሥጋናው በኋላ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረካቢ ዞረ። ተራው የወይንሸት ነበር። ብርነሽ ጽዋውን አንስታ በእጇ አስረከበቻት። ለእያንዳንዱ ማኅበርተኛም እቤት ለቀረው ሰው በረከት ቆርሳ በፌስታል ሰጠች፤ ፌስታሉ ቢጫ ነው፣ የታጠበና የታጠፈ። ሰው ሁሉ መርቆ ወጣ።

ወይንሸት ግን አልሄደችም። ጽዋውን ብብቷ ሥር ይዛ መጋረጃው ጋ ቆመች።

«ብርነሽ» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

«አቤት።»

«እርሾ… ተርፎሻል?»

ብርነሽ ጆሮዋን አላመነችም። «ከእኔ? እርስዎ?»

«የእኔ ከደረቀ ቆየ» አለች ወይንሸት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጆቼ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ለማን ብዬ ላቡካ? ተውኩት፣ ደረቀ። ተራዬ ሲደርስ ከዳቦ ቤት አስጋግሬ የእጄ ነው እላለሁ። ማኅበር እየመራሁ እርሾ የለኝም ብዬ የማንን በር ላንኳኳ? ያን ጊዜ… ጣሳ ይዘሽ የመጣሽ ቀንም አልነበረኝም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይራራ ነበር። ብርነሽ ባሰባት።

«የለኝም ማለት አቅቶዎት ነው?» አለች። «እኔ ቤቴን፣ ማሳዬን፣ ከብቴን ጥዬ መጥቼ፣ በየደረስኩበት በር የለኝም፣ የለኝም ስል አፌ ተላጠ! እርስዎ አንዲት የለኝም ከአፍዎ እንዳትወጣ ብለው ሁለት ዓመት ለማኝ አደረጉኝ!»

ወይንሸት ጽዋውን ብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘች። መሬት መሬት እያየች ቆመች።

ከበረከቱ የተረፈ አንድ ፌስታል ምጣዱ ዳር ነበር። ብርነሽ አነሳችው። ይህን አስይዛት «አይ ምስኪን!» ብላ ብትሸኛት ዕዳው ይከፈላል፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ሁለት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ቃል ነው። ፌስታሉን ግን ፍራሹ ላይ ወረወረችውና ጣሳዋን አነሳች። እርሾው አረፋ ሠርቶ አፏ ድረስ ሞልቷል። ግማሹን ለራሷ በብርጭቆ ቀነሰችና ጣሳዋን ከነክዳኗ ዘረጋችላት።

«ብርድ ላይ እንዳያሳድሩት፤ ይሞታል» አለች እየተቆጣች። «ጉያዎ ውስጥ ያስተኙት። ጣሳዬንም ይመልሱልኝ።»

ወይንሸት ጽዋውን መሬት አስቀምጣ በሁለት እጇ ተቀበለች። ጣሳዋ ገና ሙቅ ነበረች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ብርነሽ ንዴቷ እንዳለ ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣

«አብሮ ይስጠን!» አለቻት።