የዞረው ወንበር

ሰዓት ሠሪው ዓሣ ሲለማመጥ ያየው ሰው አለመኖሩ በጀው። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከደንበኞቹ ጋር እንኳ ከሁለት ቃል በላይ የማይነጋገር ሰው፣ ከመስታወቱ ገንዳ ፊት ወንበር ስቦ፣ የሥራ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ በወረንጦ የያዛትን የሽሪምፕ ቁራጭ ውሃው ውስጥ እያወዛወዘ፣ “በሞቴ! አንዴ ብቻ! ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ነው የሚባለው፤ ለራስህ ስትል ብላ!” ይላል። ዓሣው ይጠጋል። ረጅም አፉን ወደ ቁራጯ ያሾላል። ከዚያ ዋጋ ጠይቃ እንደምትሄድ ገበያተኛ ፊቱን አዙሮ ከድንጋዩ ኋላ ይገባል። ይህ እንግዲህ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

ቢራቢሮ የሚሉት የባሕር ዓሣ ነው። መጠኑ ከግማሽ መዳፍ አይበልጥም፤ ነጭ ገላው ላይ ብርቱካናማ መስመሮች ወርደውበታል። ሲመጣ ሞላ ያለ ነበር፤ አሁን ከራሱ ኋላ ያለው ሥጋ እየጎደጎደ ሄዷል። ዓሣ ሻጩ መጀመሪያውኑ አስጠንቅቆታል።

“አመለኛ ዘር ነው፤ በዚያ ላይ ገና ከባሕር መውጣቱ ነው። ሁለት ሳምንት ካልበላ ተስፋህን ቁረጥ” ብሎታል።

ተስፋ መቁረጥ ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል። ገንዳው ግን የእሱ አይደለም፣ የታላቅ እህቱ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት፣ እሷ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያሳደገችው እሷ ናት። ባልም ልጅም ሳይኖራት በእሱ ላይ አረጀች። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ ገንዳ አጠገብ ያልጠፋችው ደግሞ “ሽማግሌው” ለምትለው ለእንደዚሁ ዓይነት ቢራቢሮ ዓሣ ስትል ነው። ዓይኗን ልትታከም ወደ ሌላ ከተማ የሄደች ዕለት በር ላይ ቆማ፣ “ማሙሽ፣ ውሃው ሲጎድል ሙላው። ከዓይኔ ላይ መጋረጃው ሲነሣልኝ መጀመሪያ የማየው ሽማግሌውን ነው፤ ከዚያ በኋላ አንተን” ብላ ስቃለች።

እሱም ሞላው። ጥፋቱ በምን እንደሚሞላ አለመጠየቁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሰዓት ሲፈታ፣ የጎደለውን በዚያው ዓይነት መተካት እንጂ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ የጎደለው ጨው ውሃ ነው፣ ስለዚህ ጨው ውሃ ጨመረበት። በየሁለት ቀኑ፣ በጥንቃቄ፣ በሥፍር። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ እንደማይተን፣ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ብቻ እንደሆነ የነገረው ሻጩ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እህቱ ከሄደች ስድስተኛው ሳምንት ነበርና ሽማግሌው በጎኑ ተንሳፍፏል። ሻጩ የጨው መለኪያውን ነክሮ አየና፣ “ይሄ ባሕር አይደለም፣ የተበጠበጠ ጨው ነው” አለ። ውሃውን አብረው አስተካከሉት። ሰዓት ሠሪው ከሻጩ ሱቅ ቁርጥ ሽማግሌውን የመሰለ ዓሣ መርጦ አመጣ፤ እህቱ እስክትመለስ መብላት ከለመደ ማን ይለየዋል ብሎ።

የሰዓት ሱቁን ዘጋ። የሥራ ጠረጴዛውን ሳሎን አስገባ። ለአዲሱ ዓሣ ትል ሰጠው፤ ትል እምቢ። የተከተፈ የዛጎል ሥጋ ሰጠው፤ እምቢ። እህቱ እንደምታደርገው ምግቡን ባዶ ዛጎል ውስጥ ጠቅጥቆ መስታወቱን አስደግፎ አስቀመጠለት፤ ሽማግሌው ያንን ሲለቅም ዛጎሉ መስታወቱን ጠቅ ጠቅ ያደርገው ነበር። አዲሱ ግን አጠገቡም አልደረሰ። በተነሣ ቁጥር፣ ውሃው እንዳይበላሽ ምግቡን ለቅሞ ያወጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይተክላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

በስምንተኛው ቀን እህቱ ደወለች። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ ያስፈራውም ያ ደህንነቱ ነው።

“ማሙሽ፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናም አልሆነም። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። ይበቃኛል፤ ነገ እመጣለሁ።”

ስልኩን ዘግቶ ቆሞ ቀረ፤ አለቀሰላትም። ግን እንባው ሳይደርቅ አንድ ሐሳብ ሾልኮ ገባ፦ እንግዲህ አታይም። ሽማግሌው ይኸውልሽ ቢላት በምን ታውቃለች? ይህን በማሰቡ ራሱን መምታት ቃጣው። ሐሳቡ ግን አልወጣ አለ፤ አብሮት አደረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤቱ የመደበላት ነርስ አስገባቻትና ሄደች። እህቱ ክንዱን ይዛ ሳሎን ገባች። እጇን ዘርግታ ወንበሯን ፈለገች፤ መደገፊያውን አገኘችና ዳሰሰችው። ቆመች።

“ወንበሬን ማን አዞረው?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ። ዓሣውን ላየው ብዬ።”

“ስምንት ዓመት ፊቱ ወደ መስኮት ነበር።” ጆሮዋን ወደ ገንዳው አዘነበለች። የአየር መንፊያው ይንፈቀፈቃል፣ ሌላ ድምፅ የለም። “ድምፄን ሲሰማ ዛጎሉን ያንኳኳልኝ ነበር። ዛሬ አላንኳኳም።”

አዘጋጅቶት የነበረው ውሸት ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኖቿን አየ፤ ክፍት ናቸው፣ ግን ከትከሻው በላይ ወዳለ ባዶ ቦታ ነው የሚያዩት። እንዲህ ያለችን ሰው እንዴት ያታልሏታል?

“ሞቷል፣ እትዬ። እኔ ነኝ የገደልኩት። ሲጎድል ጨው ውሃ ጨመርኩበት። በእሱ ፈንታ ሌላ አመጣሁ፤ ልዋሽሽ ነበር።”

በተዞረው ወንበር ላይ ተቀመጠችና መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቆየች። እንባዋ አገጯ ላይ እስኪደርስ አልጠረገችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

“በምን እንደሚሞላ ሳልነግርህ ሄድኩ” አለች በመጨረሻ። “አንተም አልጠየቅህ። ከእኔ ጋር ስትኖር መጠየቅ መቼ ለምደህ።” እንባዋን ጠረገች። “አዲሱስ?”

“ዘጠኝ ቀን ሆነው። እህል በአፉ አልዞረም። ቀን ከሌት ከፊቱ አልተነሣሁም፣ በማጉያ ሳይቀር እያየሁት...”

“በማጉያ?” አለች፤ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። “አይ ማሙሽ። ባሕር ውስጥ አተኩሮ የሚያይህ ሊበላህ የመጣ ነው። ዛጎሉን አስቀምጥለትና ወንበሬን አዙርልኝ። አንተም ጀርባህን ስጠው።”

እንዳለችው አደረገ። ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተቀመጡ። እሱ ጎዳናውን ያያል፣ እሷ ብርሃኑን።

“እናታችን የሞተች ጊዜ አራት ቀን ሙሉ አልበላህም” አለች ዝግ ብላ። “ዘመድ ጎረቤቱ ከቦህ፣ ብላ፣ ብላ ይልሃል፤ አንተ ከንፈርህን ነክሰህ ታፈጣለህ። ሁሉንም አስወጣኋቸው። ሳህኑን ከፊትህ አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጥቼህ ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ። ልዞርና ላቅፍህ ምን ያህል እንደፈለግሁ! ግን አልዞርኩም። አለቀስኩ እንጂ አልዞርኩም።”

ይህን ከዚህ በፊት ነግራው አታውቅም።

መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ ወለሉ ወረደ። አንድ መኪና አለፈ። ሰዓት ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ ትንንሽ ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነውና፣ መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው።

ጠቅ።

ሊዞር ትከሻው ሲነቃነቅ እህቱ እጁን ያዘችው።

“አትዙር።”

ጠቅ። ጠቅ ጠቅ።

እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። “በላ መሰለኝ፣ እትዬ” አላት።

“አየኸው?”

“አላየሁትም።”

“እኔም አላየሁት” አለች፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ። “በዚህስ እኩል ነን።”