ሸምበቆ ውስጥ የቆመችው ወፍ

ማይክሮስኮፕ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ካሜራ ገዝቶ ወፍ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ረግረጉ መመላለስ ሲጀምር፣ ሚስቱ መጀመሪያ የፈራችው እንዳይሰምጥ ነበር። ቀጥላ እባብ ፈራች። ከእባብ ወደ ወባ፣ ከወባ ወደ ሳንባ ምች፣ ከሳንባ ምች ደግሞ ካሜራውን አይቶ አናቱን በድንጋይ ወደሚለው ሌባ ተሻገረች። ሁሉንም ተራ በተራ ፈርታ ጨረሰች። ያልፈራችው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የመጣውም እሱ ነው።

ማይክሮስኮፕ ያሉት የጨርቅ ፋብሪካ ጓደኞቹ ናቸው። ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ የሚያልፈውን ጨርቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆሞ ሲያይ የኖረ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። የተበጠሰች ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ ዝንብ የምታክል ቋጠሮ አታመልጠውም። ሚስቱን ደግሞ ሰፈሩ «እትዬ ጃንጥላ» ይላታል። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ አንጠልጥላ ስትወጣ የሚስቅባት ካለ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትልና መንገዷን ትቀጥላለች።

እሁድ ከሰዓት ማይክሮስኮፕ ከፎቶ ቤት ፖስታ ይዞ መጣ። የምግብ ጠረጴዛውን በክንዱ ጠረገና አሥራ አራት ፎቶዎች ደረደረ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«ነይ እስቲ! አገኘኋት! ስንት ሳምንት ደጅ ያስጠናችኝን ወፍ!»

እትዬ ጃንጥላ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጎንበስ አለች። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሸምበቆ አለ። በሁለተኛውም ሸምበቆ። በሦስተኛው ሸምበቆው ትንሽ ዘመም ብሏል።

«የታለች?»

«ምልክት አድርጌልሻለሁ እኮ!»

እውነትም በየፎቶው ዳር ላይ የቁንጫ ያህል ቀይ ነጥብ አለ። ነጥቡን አየችው። ከነጥቡ አጠገብ ሸምበቆ አለ። ከሸምበቆው አጠገብ ሌላ ሸምበቆ አለ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ገለበጠችው።

«ቆንጆ ናት» አለች በመጨረሻ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው አመሻሹ ላይ ስትመጣ እሷም ፎቶዎቹን አየች። መነጽሯን አድርጋ አየች፤ አውልቃ አየች። የስልኳን መብራት ነጥቡ ላይ አብርታ አየች። አባቷ «አየሻት? አንገቷን እንዴት እንደሰቀለች አየሻት?» እያለ ከትከሻዋ በላይ ይንጠራራል።

«አየኋት፣ አባዬ» አለችና እናቷን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ማድ ቤት ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እማዬ፣ ነጥቡ ያለበት ቦታ ምንም የለም።»

«እኔ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር።»

«የእኔም ዓይን ነው እንግዲህ? አሥራ አራት ፎቶ፣ አሥራ አራት ቦታ ምልክት አድርጓል፤ አንዱም ላይ ወፍ የለም። ትልቁ አባባም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው።»

እናትየዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ትልቁ አባባ የማይክሮስኮፕ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አንድ ቀን ማንም ላልተቀመጠበት ወንበር «ጋቢ ደርብ፣ ይበርድሃል» አሉ። ቤተ ሰቡ ሳቀ። በወሩ መንገድ ጠፍቷቸው አውቶቡስ መናኸሪያ ተገኙ። ከዚያ በኋላ ልጆቻቸው የግቢውን በር ይቆልፉባቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮፍያቸውን አድርገው ከተቆለፈው በር ሥር ተቀምጠው፣ የመጣ የሄደውን «ክፈትልኝ እስቲ» እያሉ አለቁ።

«የነርቭ ሐኪም ዘንድ ለሐሙስ ቀጠሮ እይዝለታለሁ» አለች ልጅቷ። «እስከዚያ ብቻውን አይውጣ። እኔ ሥራ ነኝ፤ በሩን ቆልፊው።»

«አባትሽ ላይ?»

«ታዲያ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ይቅር?»

እትዬ ጃንጥላ ይህን የመሰለ ፍርሃት ከሌላ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምትፈራው እሷ ናት፣ የሚያረጋጉት ሌሎች ናቸው። አሁን ማን ያረጋጋት? ግራ ገባት።

«እስከ ሐሙስ ከጎኑ አልለይም» አለች። «በዓይኔ ሳላይ ግን ቁልፍ አልነካም።»

ሰኞና ማክሰኞ ባሏን ስትሰልል ዋለች። የሸሚዙን ቁልፍ በትክክል ይቆልፋል? ይቆልፋል። የልጃቸውን የልደት ቀን ጠየቀችው፤ እሷ ራሷ የተሳሳተችውን አረማት። ደስ አላት። ወዲያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ አየችና ደስታዋ ጠፋ። ግን እኮ ይህን ያደረገው በሠላሳ ዓመቱም ነው! መነጽሩስ ይገኛል፤ የእሷን የጠፋ ሐሳብ ማን ይፈልግላት?

ረቡዕ ማለዳ «እኔም እሄዳለሁ» ስትለው ጫማውን ማሰሩን ትቶ ቀና አለ።

«አንቺ? ጭቃ ላይ?»

«ምነው፣ ጭቃው የአንተ ብቻ ነው?»

ረግረጉ ከከተማው ዳር፣ ከውኃ ፓምፑ ጀርባ ነው። የፓምፑ ዘበኛ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አላቸው።

«ዛሬስ ምስክር ይዘው መጡ፣ ጋሼ!» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ሰውዬው ከሸምበቆ ጋር ሽምግልና ተቀምጠዋል መሰለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይናቸውን ተክለው ይቆማሉ። እኔ እዚህ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እዚያ ጋ አንድም ወፍ አይቼ አላውቅም» አላት።

ዘበኛው የቀለደ መስሎት ነው። እሷ ግን የባሏን ክንድ አጥብቃ ያዘች።

ማይክሮስኮፕ ከጎርፍ የተረፈ ግንድ ላይ አስቀመጣት። ፊት ለፊታቸው፣ ከትንሽ ውኃ ማዶ፣ ሸምበቆው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ፀሐይዋ ወጣ ስትል እጇ በልማዱ ጃንጥላውን ዘረጋ።

«ዝጊው!» አላት በሹክሹክታ። «ቀይ ጃንጥላ! ወፍ ልታዪ መጣሽ ወይስ አውሮፕላን ልታሳርፊ?»

ዘጋችው። ብዙ ቆዩ። እግሯ ደነዘዘ። ከዚያ የባሏ ትንፋሽ ቀጥ አለ። ክንዱን ቀስ ብሎ አነሳና ሸምበቆው የሚያልቅበትን፣ ከውኃው ዳር ያለውን ጫፍ በጣቱ አመለከታት።

«ይቻትልሽ። አየሻት?»

እትዬ ጃንጥላ የጣቱን መስመር ተከትላ አየች። ጫፉ ላይ ሸምበቆ አለ። ዓይኗ እስኪያነባ አፈጠጠች። አንድ ላባ እንኳ የለም።

«አየሻት ወይ?»

«አየኋት» ልትል አፏን ከፈተች፤ እንደ ልጇ ዋሽታ ልትገላገል። መልሳ ገጠመችው። የተቆለፈው በርና ኮፍያ ያደረገው ሽማግሌ በፊቷ መጡባት። ዓይኗን ከጣቱ አሽሽታ ወደ ግራ፣ የትም ወዳልሆነ ቦታ ጣለችው፤ ዕንባዋን እንዳያይባት።

አንድ ሸምበቆ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

ዓይኑ ቢጫ ነው። ከዓይኑ በላይ ወደ ሰማይ የቀና ምንቃር አለ፤ ከሥሩ እንደ ደረቅ ሸምበቆ የተሰነጣጠቀ መስመር ያለው አንገት። ነፋስ ሸምበቆውን ሲያወዛውዘው አብሮ ይወዛወዛል። ጣቱ ካመለከታት ቦታ ግን ሃያ እርምጃ ይርቃል።

«እዚያ ጋ ያለችውስ ማናት ታዲያ?» አለች።

«እሷ ናት እንጂ! እሷን አይደል የማሳይሽ?»

«አንተ የጠቆምከው ወዲያ! እሷ ያለችው ወዲህ!»

«ጠርዙን ነዋ የጠቆምኩልሽ!»

«የምን ጠርዝ?»

ማይክሮስኮፕ ሚስቱን ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው አያት። «ጨርቅ ላይ ጉድለት ስታገኚ፣ ጉድለቱ ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ? ልታበላሺው? ጠርዙ ላይ ነው ቀይ ክር የሚታሰረው! ቆራጩ ክሩን ያይና ከዚያ አግድም በእጁ እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ጉድለቱን ያገኘዋል። ይሄን ማን አያውቅም?»

«እኔ አላውቅም! ልጅህም አታውቅም!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሠራው?»

እውነቱን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ምሳውን ስትቋጥርለት፣ ምሳውን ይዞ ሄዶ እጁ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን አልጠየቀችውም።

«እና ወፏን በቀጥታ ብትጠቁማት ትበላሻለች?» አለች፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

«ትበራለቻ!» አለ። ጥቂት አሰበና ደግሞ፣ «ፎቶው ላይ እንኳ አትበርም፤ እሱስ እውነትሽን ነው» ብሎ አገጩን አሸ።

እትዬ ጃንጥላ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማት። ባሏ ጤነኛ ነው! ልትነሳ ስትል እጁ ክንዷን ያዛት።

«ቆይ፣ ሁለተኛውን ሳታዪ? የወፏን ባል? እዚያው መስመር ላይ፣ ከኋላዋ።»

አየች። አሁን አግድም መሄድ ታውቃለች፤ ከጫፉ ጀምራ ሸምበቆውን አንድ በአንድ ቆጥራ ደረሰች። አንዷን አገኘቻት። ከኋላዋ ሸምበቆ አለ። ደጋግማ ሄደች፤ ደጋግማ ሸምበቆ።

«አየሽው?»

ይኼን ጊዜ «እንጃ» አለችው።

ልጅቷ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እሺ፣ ምን አየሽ?» አለች። እናቷ የጠርዙን ነገር ነገረቻት። ፎቶዎቹን አምጥተው ከቀዩ ነጥብ አግድም በጣታቸው ሄዱ። ልጅቷ በአራተኛው ፎቶ ላይ «ውይ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሥራ አራቱም ላይ አገኟት።

«በገዛ አባቴ ላይ በር ላስቆልፍ ነበር እኮ» አለች። ስልኳን አወጣች። «ቀጠሮውን አሁኑኑ ልሰርዘው።»

«ቆይ» አለች እናቷ።

«ምን ቀረ?»

«ሁለተኛ ወፍ አለ ይላል። እኔ አላየሁም።»

«ታዲያ አለ ወይስ የለም?»

«እሱን ባውቅ እጨነቅ ነበር? የመጀመሪያዋም የለችም ብለን ነበር። ምናልባት አለ፤ የእኔ ዓይን ነው። ምናልባት ደግሞ...» አልጨረሰችውም። «ቀጠሮውን አትሰርዢው። ደብቀን ግን አንወስደውም፤ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ለእኔም የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዢልኝ። እኔ በደንብ የማላይ ከሆነ እሱን በምን አፌ እከሰዋለሁ?»

«ረግረጉስ? ይሂድ?»

«ይሄዳል። አብሬው እሄዳለሁ። በዚህ ቤት በር የሚቆለፈው ለሌባ ነው።»

ይህን የተናገረችው አፍ የራሷ መሆኑን ተጠራጠረች። ባሏ ይሰምጣል ብላ ስትፈራ የከረመች ሴት፣ አሁን አብራው ልትሰምጥ ቃል ገባች።

ከሳሎን የማይክሮስኮፕ ድምፅ መጣ። ዛሬ ያነሳውን ፎቶ እያየ የካሜራውን መስኮት ዓይኑ ሥር ደቅኖታል።

«አንቺ! ኧረ ነይ! ለካ ሦስት ናቸው!»

እናትና ልጅ ተያዩ። ልጅቷ ልትስቅ ጀምራ የእናቷን ፊት አይታ ተወችው። እትዬ ጃንጥላ እጇን ጠረገች፤ ወንበር ጎትታ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

«ካሜራውን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» አለችው። «ቸኩዬ ደግሞ የለም እንዳልልህ።»